«ለምን ዝም ብለው አያስተኙኝም?» ከወገብ በታች ተደንዝዞ እግርን ስለማስጠገን

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቄ የቀኝ እግሬ ቅልጥም ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተሰበረ። አጥንቱ በብረት ታስሯል። ከላዩ ያለው ቆዳ ግን ሞቶ ተነሣና አሁን ብረቱ ይታያል። ሐኪሞቹ ከባቴ ጡንቻ አዙረው ሊሸፍኑት፣ ከጭኔ ደግሞ ስስ ቆዳ ወስደው ሊለጥፉበት ነው። የማደንዘዣ ሐኪሙ ‹ከወገብ በታች ብቻ ነው የምናደነዝዝህ› አለኝ። እኔ ግን ፈርቻለሁ። የወገብ መርፌ ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል ይላሉ። መሀል ላይ ቢለቀኝስ? ደግሞ ሲቆርጡኝ መስማት አልፈልግም። ለምን ዝም ብለው አያስተኙኝም?»

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። ከአምስት ሳምንት ስቃይ በኋላ «ልተኛና አልቆ ላግኘው» ማለት ያለ ነው። የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት እግራቸው ከሚጠገን ሰዎች ራስጌ ቆሜ ነው። የጠየቅከውን አንድ በአንድ እመልስልሃለሁ። ያልጠየቅከው አንድ ነገርም አለ፤ እሱ ጭንህ ነው። ከሁሉም በላይ ልነግርህ የምፈልገው ስለ እሱ ነው። ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ምን ሊሠሩልህ እንደሆነ እንይ። ባትህ ላይ ሁለት ራስ ያለው ጡንቻ አለ። ከሁለቱ አንዱን ከታች ከጅማቱ ቆርጠው ወደ ፊት ያዞሩታል። ደም የሚያገኝበት ሥር ከላይ ከጉልበት በኩል ስለሚገባ አይነካም። ጡንቻው አጥንቱንና ብረቱን ይሸፍናል። ይህ ፍላፕ ይባላል። የዞረው ጡንቻ ቆዳ ስለሌለው ከጭን የተላጠ ስስ ቆዳ ይለጠፍበታል።

ቁስልህ ወደ ቁርጭምጭሚት የወረደ ቢሆን ኖሮ ይህ ጡንቻ አይደርስም ነበር። ያኔ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋ ከነደም ሥሩ ተነቅሎ መጥቶ በማይክሮስኮፕ ይሰፋል። እሱ 6፣ 8፣ አንዳንዴም 10 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ ነቅቶ ሳይንቀሳቀስ መተኛት የሚችል ሰው ብዙም የለም። እዚያ ላይ እኛም ብዙውን ጊዜ እናስተኛለን፤ የነርቭ ማደንዘዣው ለኋላው ሕመም ይጨመርበታል። ያንተ ግን ባብዛኛው በ2 ወይም በ3 ሰዓት የሚያልቅ ነው። ከወገብ በታች ለማደንዘዝ የሚመች ሥራ ነው። ሐኪምህ ያለህ ነገር እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ወገብህ እንምጣ። ሰው የሚፈራው መርፌው ህብለ ሰረሰሩን ይወጋዋል ብሎ ነው። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። እኛ የምንገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። እዚያ ያለው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የነርቭ ሥሮች እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። መርፌው ሲመጣ ባብዛኛው ገለል ይላሉ።

መርፌው ራሱ ቀጭን ነው። ቆዳህ ቀድሞ በትንሽ ማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ ለጥቂት ሰኮንድ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማህ መገፋት እንጂ መወጋት አይደለም። ድንገት እግርህን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር ካደረገህ አትዝለል። «ቀኝ እግሬን ነዘረኝ» በል። ሐኪሙ ያቆምና አቅጣጫውን ይቀይራል። ይህ ንግግርህ ለእኛ ትልቅ እርዳታ ነው። ከተኛ ሰው የማናገኘው መረጃ ነው።

መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀን ጫን ሲሉት ሊያም ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን ከዚህ መርፌ አይመጣም። በአጠቃላይ ማደንዘዣ ተኝቶ የተሠራም ሰው ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሰዓታት በጀርባው ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። አንተ ደግሞ ለሳምንታት በክራንች ስትንፏቀቅ ቆይተሃል። ወገብህ ቢያምህ ጥፋቱን ሁሉ መርፌው ላይ አትጣልበት።

እውነተኛው ችግር ራስ ምታቱ ነው። በመርፌው ቀዳዳ ፈሳሽ ሲያፈስ ይመጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ቀና ስትል ይብሳል፣ ጋደም ስትል ይተውሃል። ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ ቀጭን መርፌ ከመጣ ወዲህ ከ100 ሰው አንዱን ቢያጋጥም ነው። ከተከሰተም መድኃኒት አለው። ካልለቀቀ ከራስህ ክንድ ትንሽ ደም ተወስዶ መርፌው በገባበት አካባቢ ይሰጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ብዙ ሰው ወዲያው ይሻለዋል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ራስ ምታት ከመጣብህ ቤትህ ተኝተህ አትቻለው፤ ተናገር።

ዘላቂ ጉዳትስ? አለ፤ ግን በጣም ጥቂት ነው። በዩናይትድ ኪንግደም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በጀርባ በኩል ማደንዘዣ የወሰዱ ሰዎችን ቆጥሮ ነበር። ዘላቂ ጉዳት የደረሰባቸው ከ100,000 ውስጥ ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እገሌ በወገብ መርፌ ሽባ ሆነ» ሲልህ ይህን ቁጥር አስብ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ማደንዘዣ በዓለም ላይ ሲጀመርም ለእግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመን ኪል ከተማ ውስጥ አውጉስት ቢየር የሚባል ቀዶ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ የሠራው የታመመ ቁርጭምጭሚት ነው። ያኔ የነበረው መድኃኒት ኮኬይን ነበር። በራሱም ላይ ሞክሮት ለብዙ ቀን ራሱን አሞታል። ዛሬ መድኃኒቱም መርፌውም ሌላ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይሰማሃል? ቁጭ ብለህ አገጭህን ወደ ደረትህ ታስጠጋለህ። ወገብህን ወደ ውጭ ታጎብጣለህ። አንድ ሰው ከፊትህ ሆኖ ትከሻህን ይይዝሃል። መድኃኒቱ ሲገባ መቀመጫህ ይሞቃል። ከዚያ እግርህ ይከብዳል፣ ከዚያ የሰው እግር ይመስልሃል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጥበትን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። እግርህ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ታጥፎ የተነሣ ሊመስልህ ይችላል። አእምሮህ የያዘው ከመደንዘዙ በፊት የነበረበትን ሁኔታ ነው። ምንም አይደለም፤ ይተዋል።

ደም ግፊትህ ዝቅ ሊል ይችላል። ሲወርድ ማቅለሽለሽና ማላብ ይመጣል። «አቅለሸለሸኝ» በል፤ በጉሉኮስና በመድኃኒት ወዲያው ይስተካከላል። ልትንቀጠቀጥም ትችላለህ። ብርድ ልብስ ጠይቅ።

ከመጀመራቸው በፊት በአልኮል የነከረ ጥጥ ሰውነትህን እየነኩ «ይቀዘቅዝሃል?» ይሉሃል። የቅዝቃዜና የሕመም ስሜት አብረው ነው የሚሄዱት። ጥጡ እንደነካህ ብታውቅም ካልቀዘቀዘህ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን መለየት አለብህ። መነካትና መጎተት ሊሰማህ ይችላል። ስለት ግን ሊሰማህ አይገባም። ስለት ከተሰማህ ዝም አትበል። ጀግንነት የሚታይበት ቦታ አይደለም።

«መሀል ላይ ቢለቀኝስ?» ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደ መብራት ድንገት አይጠፋም። ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ነው የሚለቀው። መጀመሪያ ሆድህ፣ ከዚያ ጭንህ፣ ከዚያ ወደ ታች። ሐኪሙም ሰዓቱን እየቆጠረ ነው። በተለምዶ የምንሰጠው ቡፒቫኬይን የሚባለው መድኃኒት ለቀዶ ጥገና የሚበቃ መደንዘዝ የሚሰጠው ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል ነው። ሥራው ከዚያ ሊያልፍ ይችላል ተብሎ ከታሰበ ገና ከመጀመሪያው ኤፒዱራል የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባና እየተጨመረ ይቀጥላል። ያ ሁሉ ባይሆን ደግሞ ያስተኙሃል። የማስተኛው መሣሪያና መድኃኒት ተዘጋጅቶ ራስጌህ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከወገብ በታች ብቻ የምትደነዝዝ ብትሆንም ጠንካራ ምግብ ቀዶ ጥገናው ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው አቁም የሚሉህ። «እንደሁ አልተኛም» ብለህ በልተህ እንዳትመጣ፤ አደራ።

ስለ መስማት የጠየቅከው በጣም ቀላሉ ነው። ከፊትህ ጨርቅ ይጋረዳል፤ ምንም አታይም። ቆዳ የሚልጠው መሣሪያ እንደ ጸጉር መቁረጫ ማሽን ይጮኻል። እሱን መስማት ካልፈለግህ ማዳመጫ ይዘህ እንድትገባ ጠይቅ። ወይም «ትንሽ አደንግዙኝ» በል። በደም ሥርህ ቀለል ያለ ማረጋጊያ ይሰጥሃል፤ ታንቀላፋለህ። ሰው ሲጠራህ ትነቃለህ፣ ትተነፍሳለህም። ከወገብ በታች መደንዘዝ ማለት አፍጥጦ ጣሪያ እያዩ መዋል አይደለም።

«ታዲያ ለምን አያስተኙኝም?» ማስተኛት መጥፎ ነገር አይደለም። በሚገባ ከተሠራ አስተማማኝ ነው። ያንተን እግር በተመለከተ ግን የወገቡ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ጉሮሮህ ቱቦ አይገባበትም። ከሞርፊን ወገን ያለ መድኃኒት ያንስልሃል፤ ከእሱ ጋር የሚመጣው ማስመለስና መደንገዝም እንዲሁ። የእግርህ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ እግርህ ይሞቃል። ለተዘዋወረ ጡንቻ ይህ ጥሩ ነው፤ ግፊትህ እስካልወረደ ድረስ። «ፍላፑን ያድንልሃል» ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። ፍላፑ የሚድነው በቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ተው። ኒኮቲን ያንኑ የደም ሥር ያጠበዋል።

ይህን ሁሉ ሰምተህ አሁንም ካልፈለግህ «አልፈልግም» ማለት መብትህ ነው። የታካሚ እምቢታ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጭንህ።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ቁስል ያለበት ሰው ነበር። ተኝቶ ነው የሚሠራው፤ ለኋላው ሕመም ግን በቋንጃው በኩል ነርቩን አደነዘዝኩለት። በአልትራሳውንድ እያየሁ ነው። መድኃኒቱ ነርቩን ዙሪያውን ሲከብበው በስክሪኑ ላይ አየሁ። ደስ አለኝ። ከሥራው በኋላ ማገገሚያ ክፍል ሄጄ «እንዴት ነው?» አልኩት። ፊቱ በላብ ርሷል። አንሶላውን በሁለት እጁ ከጭኑ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ እንዳይነካው ነው። «ዶክተር፣ እግሬስ ደህና ነው። ጭኔን ምን አድርጋችሁት ነው?» አለኝ። ቆዳ የተወሰደው ከጭኑ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ቁስሉ ብቻ ነበር። ያን አንሶላ የያዙ እጆች እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እግር ሳስብ የምጀምረው ከጭን ነው።

ለምን እንደዚህ ያማል? ከጭን የሚወሰደው ቆዳ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ነው። የላይኛው ተልጦ ሲሄድ የነርቭ ጫፎች ራቁታቸውን ይቀራሉ። አስፋልት ላይ ተንሸራትተህ ጉልበትህ የተላጠበትን ቀን አስታውስ። ያንን በመዳፍህ ልክ፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጥ ቦታ አስበው። ጥልቁ ቁስል ላይ ግን የነርቭ ጫፎቹም አብረው ሞተዋል። ስለዚህ ዋናው ቁስል ዝም ሲል ጭን ይጮኻል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከባድ ናቸው።

የወገቡ መርፌ ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ጭንንም ያደነዝዛል። ችግሩ ከላይ ያልኩህ ነው፤ ሲለቅ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጭን ከተረከዝ ቀድሞ ይነቃል። ያውም ማታ፣ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጭንን የውጭ ጎን ቆዳ የሚያዝ አንድ ቀጭን ነርቭ አለ። ከዳሌህ ፊት ለፊት እጅህን ስታደርግ የምትነካው የአጥንት ጫፍ አለ አይደል? ከእሱ ሥር ነው የሚያልፈው። በአልትራሳውንድ እየታየ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር መድኃኒት ይበቃዋል። የዚህ ነርቭ ደግ ነገር ስሜት ብቻ የሚሸከም መሆኑ ነው። ጡንቻ አያዝም። ጭንህ ይደነዝዛል፣ ጉልበትህ ግን አይከዳህም።

ቆዳው ከጭኑ ፊት ለፊት ከተወሰደ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚደርሰው ዋናው የጭን ነርቭ ነው። እሱ ሲደነዝዝ ጉልበት የሚዘረጋው ጡንቻም አብሮ ይዝላል። ቆሜ ልሂድ ብሎ የሚወድቅ ሰው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን «ከውጭው ጎን መውሰድ ይቻላል?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ከጉልበት በታች ያለውስ? እዚያ ሁለት ነርቭ ብቻ ነው የሚያስፈልግ። ትልቁ በቋንጃ በኩል የሚወርደው ነው። ሁለተኛው የቅልጥሙን የውስጥ ጎን ቆዳ የሚያዝ ቀጭን ነርቭ ነው። ሁለቱ ከደነዘዙ ከጉልበት በታች ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሰላም ታገኛለህ። ቀጭን ቱቦ ከተተወ ደግሞ ለ2 ወይም ለ3 ቀን።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን የምናስብባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከሁለቱ የባት ጡንቻ የውጭው ከተወሰደ አጠገቡ እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ ያልፋል። ቀዶ ሐኪሙ ከሥራው በኋላ «ጣትህን ወደ ላይ አንሣ» ብሎ ነርቩ ደህና መሆኑን ማየት ይፈልጋል። ቀድመን ካደነዘዝነው ማየት አይችልም። ስለዚህ የቋንጃውን ነርቭ የሚያደነዝዘው ሐኪም መጀመሪያ ቀዶ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። አንዳንዴ የወገቡ ሲለቅ ታይቶ ነው ከኋላ የሚሰጠው።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ከጉልበት በታች ያሉ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ተከበው ይኖራሉ። ውስጡ ካበጠ ደም መዘዋወር ያቆማል፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይሞታል። የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ነው። የደነዘዘ እግር ይህን ምልክት ሊሸፍን ይችላል ተብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ይህ አደጋ የሚበዛው አጥንቱ በተሰበረባቸው የመጀመሪያ ቀናት ነው። አንተ ያንን አልፈሃል። ቢሆንም ይህን ያዝ፤ ማደንዘዣው እየሠራ ሳለ ሕመም ጥሶ ከወጣና እየባሰ ከሄደ፣ ባትህ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ጣትህን ሲዘረጉልህ የማይቻል ከሆነ ነርሷን ጥራ። «ቆይ ይተወኝ ይሆናል» አትበል። ከነርቭ ማደንዘዣ በኋላ ሕመም የሚመጣው ማደንዘዣው ሲያልቅ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከመጣ መታየት አለበት።

መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሁሉንም ለማደንዘዣ ሐኪሙ ንገረው። በተለይ ሆድህ ላይ የምትወጋው የደም ማቅጠኛ ካለ የመጨረሻውን የወሰድክበትን ሰዓት ጻፈው። ደም እንዳይረጋ ለመከላከል የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ከሆነ ከወገብ መርፌ በፊት 12 ሰዓት ማለፍ አለበት። ለሕክምና የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ከሆነ 24 ሰዓት። ክሎፒዶግሬል የሚባለው የደም ማቅጠኛ እንክብል ቢያንስ 5 ቀን ይጠይቃል። አስፒሪን ብቻውን አያግድም። ግን አንዱንም በራስህ አታቁም። የኤፒዱራል ቱቦ ከገባልህም ሲወጣ ያው ሰዓት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅ እንዳይጎትተው።

ከሥራው በኋላ ስላለው ሌሊት ልንገርህ። ነርቭ ማደንዘዣ ሲለቅ ሕመሙ በአንዴ ነው የሚመጣው። ጠብቀኸው ካልሆነ ትደነግጣለህ። ሰው የሚሳሳተው «አሁን ስለማያመኝ እንክብሉን አልውሰድ» ብሎ ነው። የታዘዘልህን ማስታገሻ ሳያምህ፣ በሰዓቱ ውሰድ። እግርህ መለስ መለስ ሲል፣ መንዘር ሲጀምር ልክ ጊዜው ነው።

የደነዘዘ እግር ራሱን አይጠብቅም። ተረከዝህ አልጋው ላይ ተጭኖ ቢውል አታውቀውም፤ ቁስል ይሆናል። ከባትህ በታች ትራስ ይደረግ፣ ተረከዝህ በአየር ላይ ይንጠልጠል። የሞቀ ነገር አታስጠጋው። ሽንትህ ካልመጣና ሆድህ ከተወጠረ ተናገር፤ የወገቡ መርፌ ፊኛንም ያደነዝዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሣ ብቻህን አትነሣ፤ «ለቆኛል» ብትልም።

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ እግርህ ላይ በቀለም ምልክት ያደርግልሃል። ያኔ ቆዳው ከየትኛው ጭን እንደሚወሰድ ጠይቀው። ከቀኙ፣ ከዚያው ከታመመው እግር ቢሆን ይመረጣል። ግራው ሳይነካ ይቀርልሃል፤ በክራንች ስትነሣ የምትደገፈው እሱን ነው። ከዚያ ወደ ማደንዘዣ ሐኪሙ ዞር በልና «ጭኔንስ እንዴት አስባችሁለታል?» በለው።